ያለ ዩ የቆመች ኪው

ካርቶን ቆርጠን በሠራነው ስክራብል ላይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ቢ፣ ዩ፣ አር፣ ኪው፣ ኤ ብላ ደረደረች። ዳኛው እኔ ነበርኩ። «ይሄ ኦሮምኛ ነው፤ ምንጭ ማለት ነው። ደግሞስ ከኪው ቀጥሎ ዩ የታለ?» ብዬ በገዛ እጄ አነሳሁት። «እሺ ቲቸር» ብላ ዝም አለች። ማታ መዝገበ ቃላት ብገልጥ ቃሉ አለ፤ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚሸፈኑበት ልብስ፣ ቡርቃ። ይባስ የቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። ምንጭ የሚለው የኦሮምኛ ቃል በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ኤ ይደገማል። ልጅቱ ያስቀመጠችው አንድ ብቻ ነበር። ማስረጃው ዓይኔ ሥር ነበር።

ሜጋ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር እንደዚህች አባባል ያሰለቸኝ የለም፦ «ልጆቹን ቁቤ ነው ያበላሻቸው»። ወላጅ ይላታል፤ ባልደረባ ይላታል፤ ያን ቀን እኔም በእጄ አልኳት። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ተማሪ በተሳሳተ ቁጥር ተከሳሹ እሱ ነው። እርግጥ ሲ በቁቤ «ጭ» ስለሆነች፣ ጀማሪ ልጅ የእንግሊዝኛውን ድመት «ጫት» ብሎ ያነባል። ኤክስም «ጥ» ናት። ይህ ትንሽ ልምምድ ይፈልጋል እንጂ ይታረማል። ኪው ላይ ግን መታረም ያለብን እኛ መምህራን ነን።

«ኪው ያለ ዩ አትሄድም» እያልን የምናስሸመድደው ሕግ ከእንግሊዝኛ ጋር አብሮ አልተወለደም። እንግሊዞች ንግሥትን ድሮ የሚጽፉት በሲና በደብሊው ጀምረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች ከወረሯቸው በኋላ ነው የፈረንሳይን አጻጻፍ የለመዱ ጸሐፊዎች ኪውንና ዩን ያጣመሯቸው። ከዓረብኛ የገቡት ቃላት ይህን ጋብቻ አያውቁትም፦ ቃዲ፣ ፈቂር፣ ጠላቅ፣ ኒቃብ። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደገ የሜጋ ልጅ ቃዲ ማን እንደሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያሻውም። ጫት ራሱ በእንግሊዝኛ ኪው፣ ኤ፣ ቲ ተብሎ ይጻፋል፤ ስክራብል ላይ 12 ነጥብ። ከቻይና የመጣችው ኪውና አይ ብቻ ያላት ቃል 11 ታስገኛለች።

ለነገሩ ኪው ለእኛም ባዕድ አይደለችም። የፊንቄዎች «ቆፍ» በግሪክ አድርጋ ሮም ስትደርስ ኪው ሆነች፤ በግእዝ «ቃፍ» የምትባለው የእኛዋ «ቀ»ም ከዚያው ዘር ናት። ቁቤ ኪውን ለ«ቅ» መስጠቱ ወደ ጥንት ዘመዶቿ መለሳት እንጂ ምን አጠፋ?

ስክራብል ውስጥ ኪው አንዲት ናት፤ ዩ አራት። አራቱ ዩ አልቀው ጨዋታው ሲያበቃ ኪው በእጁ የቀረችበት ተጫዋች 10 ነጥብ ይቀነስበታል፤ ሕጉን ያስጠናነው ልጅ የሚከፍለው ይህን ነው። ዳኝነት የምትቀመጡ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ የልጅ ቃል ከሰሌዳው ከማንሳታችሁ በፊት መዝገበ ቃላቱን ግለጡ። የተማሪዬ ቃል 16 ነጥብ ነበረው።