መታወቂያ የሌላት ኦርኪድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰማያዊ ኦርኪድ ገዛሁ። ሰማያዊ ስላችሁ ደግሞ የደብተር ቀለም የመሰለ፣ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ። ሁለት ወር ተኩል ቤቴን አሳምራ ረገፈች። በዓመቱ እንደገና ስታብብ ነጭ ሆና ብቅ አለች! ግራ ገብቶኝ ያልቆረጥኩትን አሮጌ ዘንጓን ሳገላብጥ፣ ከታች በኩል በሰም የተደፈነች ቀዳዳ አገኘሁ። ለካ ቀለሙን በመርፌ ወግተውላት ኖሯል። ነጭነቷ ነው የራሷ።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ የኦርኪድ ፎቶ እየላኩ «ይቺ ስሟ ማነው?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ስሟን አላውቀውም፣ የሸጠላችሁም አያውቀውም፤ የማን ዘር እንደሆነች ግን አብረን ልናይ እንችላለን። እውነቱን ለመናገር የሚጥመውም ይሄኛው ነው።

በየሱፐርማርኬቱ ከሙዝና ከዳቦ ጎን ተደርድራ የምትሸጠው፣ ቅጠሏ ሰፊና ወፍራም የሆነችው ኦርኪድ ፋላኖፕሲስ ትባላለች። ስሙን በ1825 እ.ኤ.አ. ያወጣላት ካርል ሉድቪግ ብሉም የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ቃሉ ግሪክኛ ሲሆን «የእሳት እራት የምትመስል» ማለት ነው። (በአማርኛ ሲሆን ትንሽ ያስደነግጣል፤ አበባዋን ከጎን ስታዩት ግን ክንፉን የዘረጋ የእሳት እራት ራሱ ነው።) ዘመዶቿ ከሕንድና ከደቡብ ቻይና ተነስተው በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ በኩል እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ይገኛሉ። አብዛኞቹ አፈር አያውቁም፤ ዛፍ ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። የዛፉን ምግብ አይነኩም፣ መቀመጫ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ከፋ ወይም ጅማ ቡና ጥላ ሥር ያደገ ሰው እንዲህ ዓይነት አኗኗር አይቶ ይሆናል፤ እኛም አገር እንደ ኤራንጊስ ያሉ ዛፍ ላይ የሚበቅሉ ነጭ ኦርኪዶች አሉ። የዕፅዋት ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ኦርኪዶች በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል።

የሱፐርማርኬቷ ግን የጫካ ልጅ አይደለችም፤ ዲቃላ ናት። ስድብ አይደለም፣ ሙያዊ ቃሉ ነው። ታሪኩም ደስ ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከፊሊፒንስ አንዲት ኦርኪድ ወደ እንግሊዝ መጣች። ጆን ሊንድሊ የተባለው ሊቅ አይቷት «ይቺ የሁለት ዝርያዎች ልጅ ሳትሆን አትቀርም» ብሎ ጠረጠረ። ጥርጣሬውን ያረጋገጠው ጆን ሲደን የሚባል የቪች ችግኝ ጣቢያ አትክልተኛ ነው። ሁለቱን የተጠረጠሩ ወላጆች በእጁ አዳቅሎ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. ልጃቸው ስታብብ ያቺኑ ሆና ተገኘች። የዲኤንኤ ምርመራ ሳይፈጠር የአባትነት ምርመራ ማለት ይሄ ነው!

ዛሬ የተመዘገቡት የፋላኖፕሲስ ዲቃሎች በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። መዝገቡን የሚይዘው የእንግሊዙ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ ነው። የስም አወጣጡ ደግሞ ለእኛ ለአበሾች አይከብድም። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ኦርኪዶች ሁሉ አንድ የጋራ ስም ይይዛሉ፤ ወንድምና እህት የአባታቸውን ስም እንደሚጋሩት ማለት ነው። ከመካከላቸው ለየት ያለችው ደግሞ የራሷ ስም ይወጣላታል። ችግሩ ወንድማማቾች መልካቸው ሊለያይ፣ ባዕዳን ደግሞ ቁርጥ አንድ ሊመስሉ መቻላቸው ነው። ነጭ አበባ ያላቸው ምን ያህል ዲቃሎች እንዳሉ አስቡት። በዚያ ላይ እንደ ታይዋንና ሆላንድ ባሉ አገሮች ያሉ ትልልቅ አምራቾች አንዷን ቆንጆ መርጠው፣ በላቦራቶሪ በብዙ ሺህ ቅጂ ያባዟታል። ሱቅ ስትደርስ የምትይዘው ዋጋዋን ብቻ ነው። የኦርኪድ ወዳጆች እንዲህ ያለችውን «ኖ አይዲ» ይሏታል፤ መታወቂያ የሌላት። ስለዚህ ፎቶ ከፎቶ እያስተያዩ «አገኘኋት!» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ዘሯን ግን ከአካሏ ማንበብ ይቻላል። ጠጋ በሉና የአበባዋ መካከል ላይ ያለችውን፣ ከንፈር የምትባለውን ክፍል እዩ። ጫፏ ላይ እንደ ድመት ጺም የተጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን ክሮች ካሉ፣ አማቢሊስ ወይም አፍሮዳይት የሚባሉት ትልልቅ ነጮች ደም አለባት። ቅጠሏ በብር ቀለም የተዥጎረጎረ ሆኖ አበባዋ ሮዝ ከሆነ፣ የፊሊፒንሷን ሺለሪያናን አስቡ። ዘንጓ ቅርንጫፍ እያወጣ ብዙ ትንንሽ አበባ ከሰጠች፣ ኢኩዌስትሪስ አያቷ መሆኗ አይቀርም። ዘንጓ ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ከቆመ ፑልቸሪማ አለችበት። አበባዋ ኮከብ መስሎ፣ ሰም የተቀባ ያህል አብረቅርቆ፣ ጠዋት ጠዋት ካወደ ደግሞ ቤሊናን ወይም ቫዮላሲያን ጠርጥሩ። ይህቺኛዋን ካገኛችሁ ዘንጓን አትቁረጡ፤ ከዚያው ዘንግ ላይ በሌላ ጊዜም ታብባለች።

አሁን ወደ አያያዟ። ብዙ ኦርኪድ የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በፍቅር ነው፤ ውሃ እያጠጡ ይገድሏታል። ሥሯ ላይ ያለው ነጣ ያለ ሽፋን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ውሃ ሲነካው በሰከንዶች ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲደርቅ ብርማ ይሆናል። የተተከለችበት ፕላስቲክ ውስጡን የሚያሳይ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጎኑ እዩ። ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። ብርማ ከሆነ ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ አስር ደቂቃ ያህል ውሃ አስጠጧትና በደንብ አንጠፍጥፏት። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ይበቃታል። ቅጠሎቿ የሚገናኙበት መሃል ላይ ውሃ ከቆመ በሶፍት አድርቁት፤ ከዚያ ከበሰበሰች መዳኛ የላትም ማለት ይቻላል።

የአበባ አፈር አይሆናትም፤ ሥሯ አየር ይፈልጋል። የሚስማማት የተከታተፈ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ የከሰል ስብርባሪ ቢደባለቅበትም ጥሩ ነው። አደራ፣ የቡና አተላ እንዳትደፉባት፤ ክፍተቱን ደፍኖ ሥሯን ያፍናል። አበባዋ ሲረግፍ ከመትከያዋ አውጥታችሁ እዩ። መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ከችግኝነቷ የቀረ፣ ውሃ የማይለቅ ጥቅጥቅ ያለ ኳስ ታገኛላችሁ። እሱን አውጡ፣ ሲጨመቅ የሚላላውን ቡናማ ሥር ቁረጡ፣ ጠንካራውን ተዉ። የእኔዋ ስትገዛ ከነበራት ሥር ግማሹ እንዲህ ተቆርጦ ነው የዳነችው።

ለብርሃን ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይበቃታል። ቅጠሏ ጠቆር ካለ ብርሃን አንሷታል፣ ወደ ቀይ ካደላ በዝቶባታል። «ለምን አታብብም?» ለምትሉ ደግሞ ምስጢሩ ብርድ ነው። ከ28 ዲግሪ በላይ ስትኖር ቅጠል ብቻ ታወጣለች፤ ከ25 በታች ለጥቂት ሳምንታት ስትቆይ ዘንግ ታበቅላለች። ባሕረ ሰላጤው ላይ ያላችሁ በኤሲው፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ በመስከረምና በጥቅምት መስኮት ዳር በማስቀመጥ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ተቃራኒውን ተጠንቀቁ፤ ሌሊቱ ከ15 በታች የሚወርድ በረንዳ ላይ አታሳድሯት። አዲሱ ነገር ዘንግ ይሁን ሥር ካልለያችሁ ጫፉን እዩ፤ ሥር ድቡልቡል ነው፣ ዘንግ የጨቅላ ጓንት ይመስላል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትንሽ ካርድ ስኩባት፤ ግን የገመታችሁትን ስም አትጻፉበት፣ ነገ ለሌላ ሰው ስትሰጧት ግምቱ እንደ እውነት ይተላለፋል። የምታውቁትን ብቻ ጻፉ። የእኔዋ ካርድ ላይ ያለው ይሄ ነው፦ «ነጭ። ጺም አላት። ሰማያዊ ተብላ የተሸጠች።»