የመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትሮች

ከመደብር የወጣ አዲስ ሞተር ሳይክል ያለቀለት ዕቃ ይመስላል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ የኮርቻው ላስቲክ ገና አልተላጠም፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ፋብሪካው ግን ከሥራው ጥቂቱን ለገዢው ትቶለታል። የሞተሩ የውስጥ ብረቶች እርስ በርስ የሚስማሙት፣ የፍሬኑ ሸራ በደንብ መያዝ የሚጀምረው፣ የአዲሱ ጎማ ሙልጭልጭ ገጽ የሚነሣው መንገድ ላይ ነው። ነጂውም ቢሆን ልምድና መንጃ ፈቃድ ይኑረው እንጂ የዚህን ሞተር ክብደት፣ የፍሪሲዮኑን ልክ፣ የፍሬኑን ጉልበት ገና አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ብረቱም ሰውየውም ይማራሉ። ደግነቱ ለአንዱ የሚበጀው እርጋታ ለሌላውም ይበጃል።

በአገራችን ከተሞችና ወረዳዎች በብዛት ከሚታዩት ሞተሮች አንዱን፣ ባለ 150ውን ቦክሰር፣ ለምሳሌ እንውሰድ። የሚሠራው ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ የሚያመርተው የሕንድ ኩባንያ ነው። ሞተሩ በትክክል 144.8 ሲሲ ሲሆን አንድ ሲሊንደር ብቻ አለው። የሚቀዘቅዘው በሚያልፍበት ነፋስ ነው፤ የውኃ ራዲያተርም ሆነ ፓምፕ የለውም። ይህ ቀላልነቱ ነው በየገጠር ከተማው ተፈላጊ ያደረገው። ሰው ያመላልሳል፣ የቡና ጆንያ ይጭናል፣ የግብርና ባለሙያውን መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ያደርሳል። ቀላል ማለት ግን እንክብካቤ አይፈልግም ማለት አይደለም።

ብረት ከብረት ሲስማማ

የሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም ፋብሪካው ሆን ብሎ እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቀጫጭን ጭረቶችን ይተውበታል። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ጫፍ ጫፋቸው ግን ሻካራ ነው። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ፋሻዎች በዚህ ግድግዳ ላይ እየተፋተጉ ሻካራውን ያለሰልሳሉ፤ እነሱም በተራቸው የግድግዳውን ቅርጽ ይይዛሉ። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በእያንዳንዷ ሰኮንድ ከ66 ጊዜ በላይ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ የመስማማቱ ሥራ ፈጣን ነው፤ ከተበላሸም የሚበላሸው በዚያው ፍጥነት ነው። ፋሻው በወጉ ከተቀመጠ የሚቃጠለውን ጋዝ ከላይ፣ ዘይቱን ከታች ለያይቶ ያቆያል። ካልተቀመጠ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል።

ይህን ሥራ የሚያበላሹት ሁለት ተቃራኒ ልማዶች ናቸው። የመጀመሪያው ገና በመጀመሪያው ቀን ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው መጠምዘዝ ነው። ያልተስማሙ ብረቶች ሲፋተጉ ከተለመደው የበለጠ ይሞቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቀጭን የዘይት ሽፋን ከሳሳ ፒስተኑ ግድግዳውን ይቧጭራል። ሁለተኛው ደግሞ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ነው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ብቻ እያዘገሙ መሄድ፣ ወይም በአራተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቁ ዳገት መግፋት። ፋሻውን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው የሚቃጠለው ጋዝ ግፊት ስለሆነ መጠነኛ ጫና ያስፈልገዋል። የሚበጀው መካከለኛው መንገድ ነው። ነዳጅ ከግማሽ ብዙም ሳያሳልፉ መስጠት፣ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ከረዥም ዳገት በኋላ ሞተሩን ማሳረፍ። በየማርሹ ሊታለፍ የማይገባው ፍጥነት አብሮ በተሰጠው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በእነዚህ ቀናት ሁለት ሰውና ጆንያ መጫን አይገባም።

ማንኛውም አዲስ ባለ ሞተር የመጀመሪያው ዘይት ሲቀየር አጠገቡ ቆሞ እንዲያይ እመክራለሁ። ሞተሩ ለብ ካለ በኋላ ከሥሩ ያለው የዘይት ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ ጠቆር ብሎ ወደ ሳፋው ይወርዳል። ሳፋውን ወደ ፀሐይ ዘንበል ሲያደርጉት በዘይቱ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብናኝ ይታያል። በሁለት ጣት መካከል ሲያሹት ብናኙ አይቆረቁርም፣ የጣት አሻራ መስመሮች ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ይህ ከግድግዳው፣ ከፋሻውና ከማርሾቹ የተላገ ብረት ነው፤ በመጀመሪያው ዘይት መኖሩም ጤናማ ነው። ለጥፍር የሚሰማ ስብርባሪ ከተገኘ ግን ሞተሩን ሳያስነሱ መካኒክ ማማከር ይገባል። ብናኙ ዘይቱ ውስጥ በቆየ ቁጥር እንደ አሸዋ ወረቀት እየዞረ አዲሱን ብረት ይልጋል። የመጀመሪያው ቅያሪ ከሌሎቹ ሁሉ ቀደም ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ፣ እንዲሆን የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ዘይቱ ገና አዲስ ነው ብሎ ማራዘም ቁጠባ አይደለም።

የሚጨመረው ዘይትም በዘፈቀደ አይመረጥም። በመኪና ሞተርና ማርሽ ለየብቻ ዘይት አላቸው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ሳይክል ግን ፒስተኑን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን የሚያርሰው አንድ ዘይት ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ፍትጊያን የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይከተለውም። ቆርቆሮው ላይ ‹ጃሶ ኤምኤ› የሚለው ምልክት መኖሩን ማየት ይበቃል።

እጅ፣ እግርና ዓይን

አዲስ ሞተር ላይ የወጣ ሰው መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን መያዣ ነጥብ ይፈልግ። ሜዳ ላይ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ሲለቅ ሞተሩ ወደፊት መሳብ የሚጀምርባት ቦታ አለች። ጣቶቹ ያቺን ቦታ ሳይፈልጉ የሚያገኙዋት እስኪሆኑ ይደጋግም። ማርሽም እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ አንዱ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ያስገባል፣ ሌላው ከፎሌ አንደኛውን ወደ ታች የቀሩትን ወደ ላይ ያስገባል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው መቀነስ ፈልጎ ሊጨምር፣ መጨመር ፈልጎ ሊቀንስ ይችላል። ይህን ስሕተት ሰው በሌለበት ሜዳ ፈጽሞ መጨረስ ገበያ መሃል ከመፈጸም ያድናል።

ብዙ ነጂ የፊት ፍሬንን ይፈራል፤ ‹ይገለብጣል› ይባላልና። እውነቱ ግን ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያው ኃይል አብዛኛው የሚገኘው ከፊት ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ የለመደ ሰው ልጅ ሲገባበት ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል እንጂ በቶሎ አይቆምለትም። የሚገለብጠው በድንገት መጨበጥ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ፣ የፊቱን በቀስታ ጀምሮ እያጠበቁ መያዝ በልምምድ የሚመጣ ችሎታ ነው። ጠጠርና ጭቃ ላይ ደግሞ የፊቱን ማለስለስ ያስፈልጋል።

በኩርባ ላይ እጅ ዓይንን ይከተላል። ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ ይሄዳል፤ የኩርባውን መውጫ ያየ ወደ መውጫው ይሄዳል። ፍጥነት መቀነስ ያለበት ከመግባት በፊት እንጂ መሃል ላይ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚፈተንበት ቦታ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ፣ ከፊትና ከኋላ ከባድ መኪና። ሙሉውን መንገድ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ሸራው ግሎ አንድ ደረጃ ላይ መያዝ ያቆምበታል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጁን ሲለቅ ግን ሞተሩ ራሱ ሞተር ሳይክሉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ፍሬኑም ለኩርባውና ለድንገተኛው ይተርፋል። ፎሌ አድርጎ መውረድ በቤንዚን ቁጠባ ስም የሚደረግ ሕይወትን አሳልፎ የመስጠት ልማድ ነው።

አቧራ፣ ሰንሰለትና የደጋ አየር

ብረቱ ከተስማማ በኋላ ዋናው ጠላት አቧራ ነው። በበጋ የጠጠር መንገድ ላይ ከአይሱዙ ኋላ የሚነዳ ሞተር የሚተነፍሰው የተፈጨ ድንጋይ ጭምር ነው። ያንን የሚያስቀረው የአየር ማጣሪያው ብቻ ነው። ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት ዘይት ታሽቶ ይመለሳል፤ ወረቀት ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋል፣ ሲያረጅ ይቀየራል። መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ርቀት ለአስፋልት ነው፤ አቧራማ አገር ያለ ሰው ከዚያ ቀድሞ ይክፈተው። ማጣሪያ አውጥቶ መንዳት ሞተሩን ለጊዜው ቀለል ያለ ያስመስለዋል፤ በዚያው ግን በሺህ ኪሎ ሜትር የተገኘውን መስማማት አቧራው በአጭር ጊዜ ይልገዋል።

ሰንሰለቱ አዲስ ሳለ ቶሎ ይላላል፤ የፍሪሲዮኑ ገመድም እንዲሁ። ሰንሰለቱን ከሥር መካከሉ ላይ በጣት ወደ ላይ ሲገፉት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሊንቀሳቀስ ይገባል፤ ትክክለኛው ልክ መጽሐፉ ላይ አለ። አብዝቶ ማጥበቅ የኩሽኔታውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ አብዝቶ ማላላት ከጥርሱ ያስወልቃል። ቡሎንና ዳዶም በመጀመሪያው ወር በንዝረት ይላላሉና በየሳምንቱ በቁልፍ መፈተሽ ይገባቸዋል።

ደጋ ላይ የሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚያ ሲወጣ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ማስረጃው ካንዴላው ላይ ይነበባል። ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ የሸክላ ቡኒ ከሆነ መልካም ነው፤ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። ለደጋ ያስቀነሰ ሰው ወደ አፋር ቆላ ከመውረዱ በፊት ማስመለስ አለበት፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር በሙቀት አገር ፒስተኑን ሊያቀልጥ ይችላልና።

ጭንቅላት መለዋወጫ የለውም

ሞተሩን ለማላመድ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ለራሱም ይጠንቀቅ። በፈረንጆች 2008 የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት በሞተረኞች ላይ የሚደርሰውን ሞት በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መሪው ላይ የተንጠለጠለ ወይም ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት ግን ማንንም አያድንም። ከኋላ የሚቀመጠው ተሳፋሪም ጭንቅላት አለው፤ ሁለተኛ ሄልሜት ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ሞተር ሳይክል ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚገዛው በዕቁብ፣ በብድር ወይም ከዘመድ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢጭንበት፣ ቢሮጥበት አይፈረድበትም። ስሌቱ ግን ወደ ሌላ ያመለክታል። በመጀመሪያው ወር ጭነት መቀነስ የጥቂት ቀን ገቢ ያሳጣል፤ የተበላ ሲሊንደር ማስላግ፣ ፒስተንና ፋሻ መቀየር ግን የሳምንታት ገቢ ያስወጣል፣ በዚያ ላይ ሞተሩ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ አዲስ ሞተር ያለው ሰው የመጀመሪያውን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ራሱ ይንዳው፤ ለማንም አያውስ። ዘይት የቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር ይጻፍ። ሞተሩ ደህና ሲሆን ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ጆሮው ካወቀ ሲታመም ከመካኒኩ በፊት የሚሰማው እሱ ነው፤ በጊዜ የተሰማ ችግር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቁልፍና በጥቂት ዘይት ይፈታል።