ላዳ ጠዋት እምቢ ስትል፣ ቀትር ላይ እምቢ ስትል

አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ለዓመታት በታክሲነት ያገለገለችው ላዳ የጣሊያኑ ፊያት 124 ልጅ ናት። በ1970 (እ.ኤ.አ.) በሶቪየት ኅብረቷ ቶሊያቲ ከተማ መመረት ስትጀምር ቤንዚንና አየር የሚመጥንላት ካርቡሬተር ነበር። አልነሳ ስትል ብዙ ባለቤቶች ቾክ ስበው፣ ነዳጅ ደጋግመው ረግጠው፣ ባትሪው እስኪደክም ቁልፍ ያዞራሉ። አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ግን አንድ ነገር ነው፦ እምቢ ያለችው ቀዝቅዛ ነው ወይስ ሞቃ?

ሁለቱ ሕመሞች ተቃራኒ ናቸውና።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ቤንዚን በሚገባ አይተንም፤ ከፊሉ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ተለጥፎ ይቀራል። ለሙሉ ቃጠሎ 1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ለቀዘቀዘ ሞተር ግን ቤንዚኑ ከዚህ መብለጥ አለበት። ቾክ የአየሩን በር የሚያጠበው ለዚህ ነው።

ቀትር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ረጅም መንገድ የሄደች መኪና ስትቆም የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣል፤ ውስጡ የተጠራቀመው ቤንዚን ይፈላና ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ቤንዚንም እንዲሁ ቀድሞ ይፈላል። በዚህ ሰዓት ቾክ መሳብ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። መፍትሔው ቾኩን መልሶ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ፣ ሳይለቁ ሞተሪኖውን ማዞር ነው፤ የሚገባው አየር ትርፉን ቤንዚን ይጠርገዋል።

ጥፋቱ የነዳጅ ይሁን የእሳት ካልታወቀ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ማጣሪያው ይከፈትና ፔዳሉ ሲረገጥ የካርቡሬተሩ አፍ ይታያል። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ከተረጨ ነዳጁ ደርሷልና ፍለጋው ወደ እሳቱ፣ ማለትም ወደ ካንዴላና ቦቢና ይዞራል። ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል፤ ብዙ ከተሞከረ በኋላም ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም።

ለሳምንታት በቆመች መኪና ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ተንኖ ያልቃል። ያኔ ከጠርሙስ ቤንዚን በካርቡሬተሩ አፍ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ እጅግ አደገኛም ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢተኩስ ነበልባሉ ጠርሙሱን በያዘው ሰው ላይ ይወጣል። እባክዎ ጠርሙሱን ይተዉት፤ የላዳ ነዳጅ ፓምፕ በጎኑ በእጅ የሚገፋ ትንሽ ዘንግ አለው፣ የተሠራውም ባዶውን ካርቡሬተር በቤንዚን ለመሙላት ነው።