ያልተጻፈው የዱቤ መዝገብ፦ የድግስ ገበያ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

“ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ ምክር ነው፤ ለነጋዴ ግን የገበያ መረጃም ጭምር ነው። በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ቤተሰብ ለዓውደ ዓመት የሚገበየው ለራሱ አፍ ብቻ አይደለምና። የሚጠመቀው ጠላ፣ የሚደፋው ዳቦና የሚሠራው ወጥ ለጎረቤት፣ ለማኅበርተኛ፣ ለአበልጅና ከሩቅ ለሚመጣ ዘመድ ጭምር ታስቦ ነው። ስለዚህ አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት የአምስት ሰው ገበያ አይገበይም።

ልማዱ ለዘመናት የኖረ በመሆኑ ብዙ ሰው “ባህል ነው” ብሎ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ከሌማቱ በስተጀርባ የገብስ፣ የጌሾ፣ የቅቤ፣ የሽንኩርት፣ የዶሮና የሰንጋ ግብይት አለ። ማን ለማን ደገሠ፣ ማንስ ገና አልመለሰም የሚለው ስሌትም በየቤቱ በቃል ተይዟል። በወረቀት ላይ ያልሰፈረ በመሆኑ ከከተማ የሚመጣው ነጋዴም ሆነ ብድር ሰጪው አያነበውም። ለመሆኑ የድግስ ወጪ ብክነት ነው ወይስ ቁጠባ? መልሱ እንደ ድግሱ ዓይነት ይለያያል። ልዩነቱን ያላወቀ ነጋዴ በዱቤ የሰጠውን ዕቃ ዋጋ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ሌማት

የአካባቢው አቀማመጥ ራሱ ሰውን ለልውውጥ ይገፋፋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው የጉና ተራራ ዙሪያና በላይ ጋይንት ደጋ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ይበቅላል። ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ሲወረድ ጤፍ፣ ወደ ሸለቆዎቹ ሲዘለቅ ደግሞ ማሽላ ይገኛል። የደጋው ገብስና የቆላው እህል በነፋስ መውጫ፣ በዓርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ገበያዎች ይለዋወጣሉ።

ለዶሮ ወጥ የግድ የሆነው ሽንኩርት በብዛት የሚመረተው ግን በዞኑ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በፎገራ ሜዳ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ለዚህ ንግድ ዋናው የደም ሥር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በየጊዜው እንደታየው መንገድ ሲዘጋ በመጀመሪያ የሚጎዳው በቶሎ የሚበላሸው ሸቀጥ ነው። ገብስ ጎተራ ውስጥ ይጠብቃል፤ ሽንኩርት ግን አይጠብቅም።

መቼ ምን ይፈለጋል?

ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በቅሎና ደርቆ ብቅል እስኪሆን ቀናት ይወስዳል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይገባበታል፤ ተቆልቶ የተፈጨ እህል ተጨምሮበት ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻም በግራዋ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ጋን ተሞልቶ ይከደናል። ገብሱ ከተዘፈዘፈበት ቀን አንሥቶ እስከ መጀመሪያው ዋንጫ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ስለዚህ ታኅሣሥ 29 ቀን ለሚውለው ገና ገብስና ጌሾ ፈላጊው ገበያ የሚወጣው ታኅሣሥ ሲጋመስ ነው። ሽንኩርትና ዶሮ ፈላጊው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ይጎርፋል። በበዓሉ ዋዜማ ጌሾ ጭኖ የሚደርስ ነጋዴ ሰርጉ ካለፈ በኋላ እንደመጣ ሚዜ ነው።

የቅቤ ገበያ በጾም ይመራል። 55 ቀን በሚቆየው ሁዳዴ ምእመናን ሥጋና የወተት ውጤት ስለማይመገቡ የቅቤ ፍላጎት ይቀዘቅዛል፤ ፋሲካ ሲቃረብ እንደገና ይነሣል። ሰርግም በሁዳዴ ስለማይደገሥ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ይከማቻል። በጾም ቅቤ ሰብስቦ ለፋሲካ የሚያወጣ ነጋዴ ከዋጋው ልዩነት ይጠቀማል። ታዲያ ትርፉን ሲያሰላ ገንዘቡ ሁለት ወር ገደማ ታስሮ የሚቆይ መሆኑንም አብሮ ማስላት አለበት።

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሥጋም ቅቤም የለበትም፤ የበዓሉ ስጦታ ዳቦ ነው። ልጆች እየጨፈሩ በየደጁ ሲዞሩ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። ጊዜው ክረምት፣ አዲሱ እህል ያልደረሰበት ወቅት ነው። ጎተራው በተመናመነበት በዚያ ወር ለሰው ልጅ የሚጋገር ሙልሙል ከገና ሙክት ይልቅ ሊከብድ ይችላል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀናት ያህል በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ቡሄ በመካከል ውሎ ነበር። በዓሉ ያለ ሰላምና ያለ ዱቄት እንደማይደምቅ የከተማዋ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል።

ጽዋውና ቅርጫው

ከድግሶች ሁሉ ለነጋዴ የሚታመነው ተራ ያለው ድግስ ነው። የሚካኤል፣ የማርያም ወይም የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ለምሳሌ 12 አባላት ያሉት ማኅበር ቢሆን እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሣል፤ 11 ጊዜ ከሌሎቹ ቤት ይበላል። ተራው የሚደርስበት ወር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ባለተራው ገብሱን በአዝመራ ወቅት ለይቶ ያስቀምጣል። በገንዘብ ቋንቋ ሲተረጎም ይህ ዕቁብ ነው፤ ልዩነቱ ዕጣው የሚከፈለው በጠላና በዳቦ መሆኑ ብቻ ነው።

ቅርጫም እንዲሁ። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሰንጋ ማረድ አይችልም፤ ብዙ ሆነው ሲገዙ ግን ሥጋው በእኩል መደብ ተመድቦ በዕጣ ይደርሳቸዋል። ገደላ ገደል በበዛበት በዚህ አገር ቅርጫ ሌላም ጥቅም አለው። የአንድ ገበሬ በሬ ገደል ገብቶ ቢሰበር ጎረቤቶቹ ሥጋውን ተቃርጠው ዋጋውን ያዋጡለታል። ገበሬው በሬውን ቢያጣም መተኪያ የሚሆን ገንዘብ መያዣ ያገኛል። በከተማ ይህ የመድን ድርጅት ሥራ ነው። በገጠር ግን ውሉ የሚጸናው ያ ገበሬ ቀደም ሲል በሌሎች ቅርጫ ገብቶ ከነበረ ነው። በሰው ችግር ያልተገኘ ሰው በራሱ ቀን ሥጋውን የሚገዛው አያገኝም።

ጎተራ የሚያራቁተው

ሌላው ወገን ተራ የሌለው ድግስ ነው፤ ተዝካርና ሰርግ። ተዝካር የሚመጣው ሳይታሰብ ነው። ከሞቱ ቀን እስከ አርባው ድረስ ያለው ጊዜ ገብስ ለማዘጋጀት እንጂ ገንዘብ ለማጠራቀም አይበቃም። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ያወጣል፤ ሲብስም የሚያርስበትን በሬ ይሸጣል ወይም በወለድ ይበደራል። እንግዳው በልቶ ሲሄድ ዕዳው ቤት ውስጥ ይቀራል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። የዓመት ቀለቡን በራሱ ምርት መሸፈን ያልቻለ ብዙ ሰው እንዳለ የሚያሳይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት በአንድ ቀን የሚወጣ ሁለት ኩንታል እህል የወራት ቀለብ ነው።

ታዲያ “ድግስ ይቅር” ማለት መፍትሔ ይሆናልን? አይሆንም። ድግሱን ጨርሶ የተወ ሰው ከማኅበሩም፣ ከደቦውም፣ ከቅርጫውም ይወጣል። ደቦ ያለ ጠላና ያለ እንጀራ አይጠራም፤ ማሳው በወቅቱ ያልታረሰለት ወይም ያልታጨደለት ገበሬ ደግሞ በአንድ ቀን ካዳነው እህል የበለጠ ሊያጣ ይችላል። የሚያዋጣው መጠኑን መቀነስና ወጪውን ማከፋፈል ነው። ዕድርተኛው ለሐዘን ቤት እንጀራና ንፍሮ ይዞ እንደሚመጣ ሁሉ ለተዝካሩም እህሉን ቢያዋጣ ተራ ያልነበረው ድግስ ተራ ያለው ይሆናል።

ለባለሱቁና ለእህል ነጋዴውም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለማኅበር ባለተራ የሚሰጥ ዱቤ ከአዝመራ በኋላ የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው። ለተዝካር የሚሰጥ ዱቤ ግን በሬው ከተሸጠ በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ ባለዕዳውን ከሥራ፣ ነጋዴውንም ከደንበኛው ያለያያል።

ሙያ ዋጋ ሲያወጣ

በድግስ ቤት ከምግቡ ጋር የሚከፋፈል ሌላ ሀብት አለ፤ እርሱም ሙያ ነው። ደጋሿ ጎረቤቶቿን ትጠራለች፤ አንዷ በርበሬ ትደልዛለች፣ ሌላዋ ድፍድፉን ታያለች፣ ሦስተኛዋ ዶሮውን በ12 ብልት ታወጣለች። ልጃገረዶች እያገዙ ይማራሉ። ልኩ በእፍኝ፣ በጣሳና በቁና እንጂ በግራም አይነገርም። ጌሾው ሲበዛ ጠላው እንደሚመርር፣ ጋኑ በደንብ ካልታጠነ ጣዕሙ እንደሚበላሽ የሚታወቀው በአፍና በአፍንጫ ነው። “እንዴት ሠራሽው?” ተብላ የተጠየቀች ሴት አትደብቅም፤ መጠየቋ ራሱ ክብሯ ነውና።

ከተማ ሲገባ ግን ያው ሙያ ሸቀጥ ይሆናል። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የባልትና ሱቆች በርበሬ፣ ሽሮና በሶ በኪሎ ይሸጣሉ፤ ውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ የሚላከውም በዚያው መንገድ ነው። ነገሩ እንግዳ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በቤተ መንግሥቱ ግብር የታወቀውን የማስተናገድ ሙያ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ በከፈቱት ሆቴል ወደ ንግድ አሸጋግረውታል።

ጥያቄው ትርፉ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። እስካሁን ከጋይንትና ከስማዳ የሚወጣው በአብዛኛው ጥሬ እህል ነው፤ እሴቱ የሚጨመረው ሌላ ቦታ ነው። ገብሱን ኩንታል ሞልቶ ከሚያወርደው መኪና ጋር ብቅሉ፣ በሶውና የተዘጋጀው በርበሬ አብሮ ቢወርድ ባለሙያዋም ነጋዴውም ይጠቀማሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ካፒታል ወፍጮ፣ ንጹሕ ማሸጊያና ልኩን በሚዛን ማስፈር ነው። የቀረው፣ ማለትም ሙያው፣ በየድግሱ ቤት በነጻ ሲሰጥ ኖሯል።

ወደ አካባቢው የሚዘልቅ ገዥም ሆነ ደላላ ስለ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ ቢያስቀድም ያተርፋል፤ “የዚህ ወር ተራ የማን ነው?” ማለት ይበቃዋል። መልሱን የሰማ ማን ገብስ እንደሚፈልግ፣ ማን ጌሾ እንደሚሸጥና ዱቤው መቼ እንደሚመለስ ያውቃል።