በሁለት ጆሮ ሁለት ቃል

በመራዊ ዙሪያ የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ለቆመ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጫጫታ ነው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ወንጌል ያነብባል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል። የኔታ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል የአንዱን ልጅ ስህተት ለይተው «ተመለስ!» ይላሉ። ድምፁን የሚቀበለው ጆሮ ቢሆንም የሚለየው አንጎል ነው።

ዳይኮቲክ የተባለው የማዳመጥ ምርመራ የሚፈትሸው ይህንኑ የአንጎል ሥራ ነው። ተመርማሪው የጆሮ ማዳመጫ ያደርጋል። በቀኝ ጆሮው «አራት፣ ሰባት»፣ በዚያው ቅጽበት በግራው «ስምንት፣ ሁለት» ይባላል፤ እሱም አራቱንም ይደግማል። ለእያንዳንዱ ጆሮ 40 ቁጥር ከቀረበ አንዱ ቁጥር 2.5 በመቶ ይይዛል።

ካናዳዊቷ ዶሪን ኪሙራ እ.ኤ.አ. በ1961 በሞንትሪያል የሚጥል በሽታ ሕሙማንን በዚህ ዘዴ መርምራ፣ ንግግራቸው በግራ አንጎል የሚመራ ሰዎች በቀኝ ጆሮ የመጣውን ቃል ይበልጥ እንደሚይዙ አሳየች። በግራ ጆሮ የገባው ቃል ቀድሞ ወደ ቀኝ አንጎል ይሄድና ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች በሚያገናኘው ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ ሲጎዳ የግራው ውጤት ያሽቆለቁላል፤ ያው ቃል ለብቻው ሲነገር ግን በደንብ ይሰማል። በልጆች ላይ ድልድዩ ገና ስላልበሰለ የሰባት ዓመት ልጅ ውጤት ከእኩዮቹ ጋር እንጂ ከአዋቂ ጋር አይመዘንም።

ምርመራው በባዕድ ቋንቋ ቢሰጥ የሚለካው የቋንቋ ዕውቀትን ይሆናል። ወደ አማርኛ ለመመለስም መተርጎም ብቻ አይበቃም። እንግሊዝኛው ሁለት ክፍለ ቃል ያለውን «ሰቨን» ይተወዋል፣ ሌሎቹ ቁጥሮች ባለ አንድ ናቸውና። በእኛ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አብዛኞቹ ባለ ሁለት ስለሆኑ የሚወጡት «አንድ» እና «ሦስት» ናቸው። በቁጥር ፋንታ ድምፅ የሚጠቀመው ዓይነት ደግሞ ባ፣ ዳ፣ ጋ፣ ፓ፣ ታ፣ ካ ይላል፤ ሁሉም የፊደል ገበታችን ራብዖች ናቸው።

ከሁሉ በፊት ጆሮው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም አንዱ ጆሮ መግል ከያዘ ውጤቱ ያሳስታል። ጆሮው ጤነኛ ሆኖ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የመምህሩ ቃል የሚጠፋበት ልጅ ግን አለ። እኛ «አይሰማም» ስንል አልታዘዝም ማለቱ ይመስለናል። ከመገሠጻችን በፊት በገዛ ቋንቋው፣ በሁለቱም ጆሮው እንጠይቀው።