ያውቁ ኖሯል? ቀለም ያልደበዘዘበት ሠዓሊ

• ቼን ቼንግ-ፖ በደቡባዊ ታይዋን በምትገኘው ጂያዪ ከተማ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ታይዋን በጃፓን እጅ የወደቀችው በዚያው ዓመት ነበር።

• የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ከሠራ በኋላ፣ በ1924 ወደ ቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲገባ ዕድሜው ወደ 30 ተጠግቶ ነበር።

• በ1926 የትውልድ ከተማውን ጎዳና የሣለበት ሥራው ለጃፓን ንጉሠ ነገሥታዊ ዐውደ ርእይ ተመረጠ። በዘይት ቀለም ሥዕል ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ታይዋናዊ እርሱ ነው።

• ከ1929 እስከ 1933 በሻንጋይ አስተማረ። በ1934 ደግሞ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር የታይ-ያንግ የሥነ ጥበብ ማኅበርን መሠረተ።

• በ1947 በታይዋን ሕዝባዊ ዐመፅ ሲነሣ ከመንግሥት ወታደሮች ጋር እንዲደራደሩ ከተላኩት የጂያዪ ከተማ ተወካዮች አንዱ ነበር። ወታደሮቹ ግን ያዙት፤ ማርች 25 ቀን በጂያዪ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በጥይት ገደሉት።

• ባለቤቱ ቻንግ ቺየ አስከሬኑን በምስጢር ፎቶ አስነሣች፤ ደም የነካውን ልብሱንና ሥዕሎቹንም በቤቷ ሸሽጋ ለዐሥርተ ዓመታት ጠበቀች። ዛሬ ዓለም ሥራዎቹን የሚያየው በእርሷ ጽናት ነው።