«ከ10 ዓመት ዕድሜ በኋላ እንግሊዝኛ አይገባም» ያለው ማነው?

ወሬው ከዜና ነው የመጣው። በ2018 (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጆሹዋ ሃርትሾርን፣ ጆሹዋ ቴነንባምና ስቲቨን ፒንከር ‹ኮግኒሽን› በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አሳተሙ። 670,000 ያህል ሰው በኢንተርኔት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄ መልሶላቸው ነበር። ከመልሶቹ ተነሥተው ሰዋስው የመማር አቅም እስከ 17 ዓመት ገደማ እንደሚዘልቅ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደሚዳከም ገመቱ። እንደ ተወላጅ ፍጹም ለመሆን ደግሞ ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ሳያልፍ መጀመር ያሻል አሉ። ብዙ አርዕስተ ዜናዎች «እንደ ተወላጅ» የሚለውን ወደ ጎን ብለው አሥሯን ዓመት ብቻ አንጠልጥለው ሮጡ። ስሌቱ ራሱ በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎች ተተችቷል፤ ትችቱን ግን ማን ያነባል?

በሰሜን ምዕራብ ቶሮንቶ፣ ሀምበር ወንዝ ዳር ባለችውና አዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ በሚማሩባት ዌስተን እንዲህ ያለ ወሬ ጉዳት አለው። (ዌስተን ሮድ ላይ ያሉት ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው።) የ40 ዓመት እናት ተወላጅ መምሰል አይጠበቅባትም። ዜግነት ከ18 እስከ 54 ዓመት ያለውን አመልካች የሚጠይቀው፣ 12 ደረጃ ካለው የካናዳ የቋንቋ መለኪያ በመናገርና በማዳመጥ 4ኛውን ነው። ከ1992 ጀምሮ የፌደራሉ መንግሥት ለአዲስ መጤዎች በነፃ የሚያስተምርበት ‹ሊንክ› የተባለ ፕሮግራምም አለ።

ሌላው ወሬ ከእንግሊዝኛ ተማሪው ወገን ይነሣል፦ «መምህራኑ ሰዋስው ትተው አንብቡና አውሩ ይሉናል፤ ወሬማ ቤታችንም አለ።»

ማንበብ ቃል እንደሚያበዛ ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ በፊጂ የገጠር ትምህርት ቤቶችን በተረት መጻሕፍት አጥለቅልቀው ልጆቹ ከተለመደው ትምህርት ተማሪዎች እንደበለጡ በ1983 አሳትመዋል። የሚያከራክረው በክፍል የሚደረገው ውይይት ነው፤ ለእሱ ደግሞ ጥሩው ታሪክ የተገኘው እዚያው ቶሮንቶ ውስጥ ነው።

ካናዳ ከ1965 ጀምሮ፣ ሞንትሪያል አጠገብ ካለችው ሴንት ላምበርት ተነሥታ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን በፈረንሳይኛ ማስተማር ጀመረች። ልጆቹ ለዓመታት በክፍል ፈረንሳይኛ ሰሙ፣ አነበቡ። መረዳታቸው ከተወላጅ ልጆች ብዙም አይርቅም ነበር። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ሰዋስዋቸው ይንገዳገዳል። ይህን ያህል ሰምተው ለምን? በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ተቋም፣ በኦይዚ፣ ያስተምሩ የነበሩት ሜሪል ስዌን በ1985 መልስ አቀረቡ፦ ልጆቹ ሐሳባቸውን በትክክል እንዲገልጹ የሚያስገድዳቸው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዌስተን ሮድ ላይ ባለ ሕንፃ በር «ዘ ኤሌቬተር ዋዝ ሪፔርድ የስተርዴይ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል እንበል። አንባቢዋ ሊፍት፣ ጥገና፣ ትናንት የሚሉትን ሦስት ቃላት ከያዘች መልእክቱ ገብቷታል። «ዋዝ»ን እና የ«ሪፔርድ»ን መጨረሻ ዓይኗ ያልፋቸዋል፤ ያለፈ ጊዜ መሆኑን «የስተርዴይ» አስቀድሞ ነግሯታልና። መረዳት ራሱ ሰዋስውን እንድትዘል ይፈቅድላታል። ለዓመታት በአውቶቡስ የተመላለሰ ሰው መንገዱን ልብ የሚለው መሪ የጨበጠ ዕለት ነው።

አሁን ክፍል ውስጥ፣ የማስታወቂያውን ቅጂ ይዛ፣ ላላነበበች ጓደኛዋ ትንገራት። «ኤሌቬተር ሪፔር የስተርዴይ» ትላለች። ጓደኛዋ ግራ ገብቷት «ማን ነው የጠገነው? ጥገናው አልቋል ወይስ ገና ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ተናጋሪዋ ቆም ትላለች፤ የጎደላት ነገር እንዳለ አወቀች፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ወደ ወረቀቱ ትመለሳለች፤ ቅድም ያልታየቻት «ዋዝ» አሁን ፊቷ ትደቀናለች። ጽሑፉ ባይኖር ግራ መጋባቱ ብቻ ይቀር ነበር፤ ጥያቄው ባይነሣ ደግሞ ወረቀቱን ዳግመኛ ባላየችው።

ስዌንና ሻሮን ላፕኪን እንዲህ ያሉ የጥንድ ንግግሮችን ቀድተው መርምረዋል። ሁለት ተማሪዎች ተከራክረው የተስማሙበት ነገር በኋላ ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። በስሕተት ከተስማሙ ስሕተቱም ይመጣል! ስለዚህ «አውሩ» ብሎ ስልኩን የሚነካካ መምህር የተማሪዎቹን ወሬ እውነት ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ስቲቨን ክራሸን ቋንቋ የሚገነባው በሚገባን ንባብና ንግግር ነው፣ ተገፍቶ መናገር የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ስለሆነ ብዙ ሊያብራራ አይችልም ብለው ተከራክረዋል፤ ቀላል ክርክር አይደለም። ከዚህም የሚከብድ አለ። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በልጅነታቸው ፊደል በቆጠሩ ተማሪዎች ላይ ነው። ኢሌይን ታሮንና ማርታ ቢገሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሚኒሶታ ውስጥ የሶማሌ ስደተኞችን ሲያጠኑ፣ ማንበብ ብዙም ያልለመዱት በንግግር መሐል የተሰጣቸውን እርማት አስታውሶ መድገም ይበልጥ እንደከበዳቸው አዩ። ትምህርቱ በጦርነት ለተቋረጠበት የዌስተን ተማሪ በልጅነቱ ፊደል የቆጠረ ተማሪ ውጤት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

ለክፍሉ የሚቀርበው ጽሑፍ ምርጫም ቀልድ አይደለም። ማርሴላ ሁና ፖል ኔሽን በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ ያለ ረዳት እንዲረዳ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ አለበት ብለዋል። የቶሮንቶ ጋዜጣ ለጀማሪ ከዚህ እጅግ ይርቃል፤ ክፍሉ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ሰዓቱ ያልቃል። በካርኔጊ ገንዘብ ተሠርቶ በ1914 የተከፈተው የዌስተን ቤተ መጻሕፍት እዚያው አለ፤ መጽሐፍ ማዋስም በነፃ ነው። አንዱን ገጽ ገልጦ የማይታወቁትን ቃላት መቁጠር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።